ከአለምነህ ፈቃድ ያስፈልጋል

ቁጡ ነሽ ይሉኛል። ነኝ። አባቴ ባዬ የዘሩን ቁጣ በሙሉ ለእኔ አውርሶ ለራሱ ትዕግሥቱን ብቻ አስቀርቷል። በተናደድኩ ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። ከወገራ ወደ ጎንደር ስንወርድ በጀርባ የምታዘል ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ የሰው ውጤት የምመዘግብ ሴት ሆኛለሁ። እንቁላሉ ግን አሁንም እንቁላል ነው። እግር የሚባል ነገር አላወጣም።

የምንጠብቀው ፈቃድ ነው። ወደ እስራኤል የመግቢያ ፈቃድ። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ የትናየት፣ እኔ ሳልወለድ ከባሏ ዘመዶች ጋር በሱዳን በኩል በእግሯ ሄዳ እዚያ ገብታለች። አባቴ እናታቸው ታማ ስለነበር ጥሏት መሄድ አልሆነለትም። አስታመመ፣ ቀበረ፣ ከዚያ ማመልከቻ አስገባ። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ሁለቱን ፋይሎች አስተያይቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? የእህትየዋ እናት «ጥሩነሽ» ተብላ ተመዝግባለች፣ የወንድምየው እናት ግን «ጥሩ» ናት፣ ስለዚህ የአንድ እናት ልጆች ለመሆናቸው ማስረጃ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ ሸክላ ስትሠራ የኖረች አንዲት ሴት ከሞተች በኋላ ሁለት ሴት ሆና አረፈችው።

ምስክር አምጡ ተባለ። ዘመድ ያልሆነ፣ እናትየዋን በሁለቱም ስሟ የሚያውቅ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወት የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ አያ ኪሩ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ባለችው በአባቴ መንደር አጥር ለአጥር የኖሩ ክርስቲያን ጎረቤት ናቸው፤ አያቴ በሠራችው ጀበና ቡና ጠጥተው፣ የአያቴ ባል በቀጠቀጠው ማረሻ አርሰው ያደጉ። እንደኛ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር አለን፤ የማኅበሩ የኮምፒውተር ሠራተኛ አለምነህ በጥቅምት ካሜራ ይዞ ወጣና የአያ ኪሩን ቃል ቀረጸ። ሲመለስ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበርና ቪዲዮውን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጠው። በኅዳር የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል ሲግድ ደረሰ፤ በዓሉ ሲቀረጽ ካሜራው ውስጥ የነበረው ተደመሰሰ። በየካቲት አያ ኪሩ ሞቱ። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ አክስቴ መናገር አቆመች። ስንደውል ልጇ ኢታማር ስልኩን ፊቷ ሲያደርግላት ታየናለች እንጂ ቃል አይወጣትም።

እንግዲህ ጥሩና ጥሩነሽ አንዲት ሴት መሆኗን የሚናገር አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የማኅበሩ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ቪዲዮ። አባቴ እህቱን በሕይወት ማየት አለማየቱ በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

አለምነህን ባገኘሁት ቁጥር እጠይቀዋለሁ። «ተልኳል ወይ?»

«ክላውድ ላይ ነው» ይለኛል። «አታስቢ። አረንጓዴ ምልክት አለው።»

ክላውድ የሚለው ኢንተርኔት ላይ ያለውን ማስቀመጫ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎልደር አለ፤ እዚያ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ በራሱ ጊዜ ወደ ማስቀመጫው ይወጣል፣ ጠበቃው ደግሞ ቴል አቪቭ ሆኖ ይከፍተዋል። ሥራው ይኸው ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚሉት ለካ ይህንን ኖሯል።

በግንቦት፣ እሑድ ጠዋት፣ ልብስ ሳጥብ ኢታማር ደወለ። ኢታማር እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛውን ከእናቱ ስለተማረ የሚናገረው የወገራ ገበሬ አማርኛ ነው፣ በእስራኤል ጉሮሮ።

«ዝናሽ፣ ምነው ቪዲዮው የለም?»

«ምን ማለትህ ነው የለም?»

«ጠበቃው ዛሬ ሊያየው ከፈተ። ሌላው ወረቀት ሁሉ አለ፤ ኪሩ የለም። ጉዳዩ ነገ ጠዋት ይታያል። እስከ ማታ ካልገባ ፋይሉን ይዘጉታል።»

እጄ ላይ ያለውን አረፋ ሳልለቃለቅ ተነሳሁ። አባቴ ኮቱን ለበሰ። ለማኅበሩ ቢሮ ሁልጊዜ ያችን ኮት ነው የሚለብሳት፤ ኮት ያልለበሰ ሰው ፈቃድ የማይሰጠው ይመስለዋል። ባጃጅ ይዘን ሳሙና በር ወረድን። ማኅበሩ ቅዳሜ ስለሚዘጋ እሑድ ይሠራል፤ ከዕድላችን ይቺ አንዷ ሸጋ ነበረች።

ሊቀመንበሩ አቶ ምስጋናው ብቻቸውን ጋዜጣ ያነባሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። የማኅበሩን ማኅተም በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው የሚዞሩ፣ ያለ ማኅተም ዝናብም የሚዘንብ የማይመስላቸው ሰው ናቸው።

«አለምነህ የለም» አሉኝ ገና ሳልጠይቃቸው። «ፈቃድ ላይ ነው።»

«ምን ዓይነት ፈቃድ?»

«እረፍት ወጥቷል። ዛሬ ሠርጉ ነው፣ ማክሰኝት። ከጫጉላው ሲመለስ ነይና...»

«ጉዳዩ ነገ ነው!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅሁት መንገድ ላይ የምታልፍ ሴትዮ ቀና ብላ ወደ መስኮቱ ስታይ ነው። «እኔ ልይላችሁ። ኮምፒውተሩን ክፈቱልኝ።»

«የማኅበሩ ንብረት ነው እኮ፤ ያለ ፈቃድ ማንም...»

«አቶ ምስጋናው፣ ዛሬ ከእርስዎ ፈቃድ የሚል ቃል ደግሜ ብሰማ እዚሁ እጮሃለሁ።»

አባቴ ኮቱን እየጎተተ «ልጄ፣ ተይ» አለ። ሊቀመንበሩ ግን ተነሡ፤ በአንድ ጣት እየለቀሙ ፓስወርዱን አስገቡና ወንበሩን ለቀቁልኝ።

ሬጅስትራር ቢሮ የምውለው ከኮምፒውተር ጋር ነው፤ ሊቅ ባልሆንም በር የት እንዳለ አውቃለሁ። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን አየሁ። አለ። ማስቀመጫው ሞልቶ ይሆን አልኩ። ግማሹም አልተነካም። የሚልከውን ፕሮግራም ከፈትኩት፤ አረንጓዴ ምልክቱን ደረቱ ላይ ሰክቶ «ሁሉም ተልኳል» ይለኛል። ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት። «ሁሉም ተልኳል።» የአለምነህ ግልባጭ!

ፎልደሩ ውስጥ ገባሁ። የሌላው ሰው ሁሉ ማስረጃ ተደርድሯል፤ ከመሐሉ «አያ ኪሩ» የምትል ፎልደር አለች። ነካኋት። «ይህን ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም።»

በፍላሽ ገልብጬ ከሌላ ቦታ ልልከው ሞከርኩ። ይኼኔ ኮምፒውተሩ ትንሽ ሰፋ አድርጎ መለሰልኝ፤ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «ይህን ለማድረግ ከአለምነህ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልግዎታል።»

ያኔ ገባኝ። ፕሮግራሙ አልዋሸም። ፎልደሯን እንዲያያት ስላልተፈቀደለት የለችም ብሎ ዘሏታል። ማየት ያልተፈቀደለትን ነገር እንዳልተፈጠረ ነው የሚቆጥረው፤ ከዚያ ያየውን ሁሉ ስለላከ «ሁሉም ተልኳል» ይላል። እንዲህ ያለ አሠራር ከዚህ በፊት የት እንዳየሁት ለአባቴ መንገር አያስፈልገኝም።

አቶ ምስጋናው በትከሻዬ ላይ ሆነው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «የተከፈተው እኮ በአለምነህ ነው። ይኸው ስሙ።» እውነታቸውን ነው፤ ጥግ ላይ ስሙ ተጽፏል። «ሰውዬው ከራሱ ፈቃድ ይጠይቅ ነው የሚለው?»

«ልደውልለት ነው» አልኩ።

«ሙሽራ ነው እኮ፣ ኧረ ነውር ነው!»

ደወልኩ። ሚዜው አነሳው። ከጀርባው ጥሩምባ፣ እልልታ፣ የመኪና ክላክስ። «ሙሽራው መኪና ውስጥ ነው፣ ሙሽሪትን ይዘን እየወጣን ነው» አለኝ። ካላቀረብክልኝ ማክሰኝት ድረስ መጥቼ ከመኪናው አወርደዋለሁ አልኩት። ታደርገዋለች ብሎ መሰለኝ አቀረበልኝ።

«አለምነህ፣ የአያ ኪሩ ቪዲዮ አልተላከም።»

«ተልኳል እኮ ዝኔ፣ አረንጓዴ...»

«አረንጓዴህን ለፍየል ስጥ! ኮምፒውተሩ ከአለምነህ ፈቃድ አምጪ እያለኝ ነው።»

«እኔ ነኝ አለምነህ! ፈቅጃለሁ፣ በያ ክፈቺው!» አለና ሳቀ። አጠገቡ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ፈቅጃለሁ! ኮምፒውተሩ እልል የሚልለት ሠርገኛ መሰለው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። አባቴ አንስቶ በኮቱ እጅጌ ጠረገና ከፊቴ አስቀመጠልኝ። ይህ ነገሩ ነው ይበልጥ የሚያሳብደኝ። እኔ እወረውራለሁ፣ እሱ ያነሳል።

ወደ ፋይሉ ተመለስኩ። ማን እንዲከፍተው እንደተፈቀደ የሚያሳየውን ዝርዝር አወጣሁ። አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ አለምነህ። ሁሉም ነገር ተፈቅዶለታል። ወደ ጥጉ አየሁ፤ ኮምፒውተሩን የከፈተው ስም፤ ዓለምነህ። መልሼ ዝርዝሩን አየሁ። አለምነህ። ጥጉን። ዓለምነህ።

«ሁለት ናቸው!» ብዬ ስጮህ አቶ ምስጋናው ደነገጡ። «ሁለት ሰው ነው! ይኼ በአልፋው አ፣ ያኛው በዐይኑ ዐ!»

ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና አሉ። ደግመው ጎንበስ አሉና ሳቅ ፈነዳባቸው። ሆዳቸውን ይዘው፣ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ወይ ማሽን! ወይ የፈረንጅ ሞኝ! አንዱን አለምነህ በአንድ ፊደል ሁለት ሰው አደረገው? ሕፃን ልጅስ ይሳሳተዋል ይህን?»

የዚያን ቀን ንዴት እዚህ ላይ ነው ከአፌ የወጣው። «ይሳቁ! ይሳቁ እንጂ! እርስዎ አይደሉም እንዴ የኮሚቴውን ደብዳቤ አንብበው ‹እንግዲህ ምን ይደረግ፣ አሠራር ነው› ያሉን? አያቴን ሁለት ሴት ያደረጓት በምንድን ነው? ‹ነሽ› በምትባል በሁለት ፊደል! ማሽን ሲያደርገው ሞኝነት ነው፤ ኮት የለበሰ ሰው ሲያደርገው አሠራር ይሆናል? ያኔ ለምን አልሳቁም? ያኔ ቢስቁባቸው ኖሮ ምናልባት እነሱም ያፍሩ ነበር!»

ሳቃቸው በአንድ ጊዜ ደረቀ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዝናሽ» አለ አባቴ። «ትልቅ ሰው ነው። ቀስ በቀስ...»

«አንተም ዝም በል አባባ! እንቁላልህን አትጥራብኝ! ስም ሲያጠፉብህ ዝም፣ እናትህን ሲከፍሏት ዝም። አንድ ቀን እንኳ ጠረጴዛ መትተህ ታውቃለህ?»

እንዲህ ብዬው አላውቅም ነበር። አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን አየ። ቆጨኝ፣ ግን ይቅርታ ለማለት ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

አቶ ምስጋናው ናቸው ስልኩን አንስተው የሰጡኝ። «ደውይለት» አሉ በቀስታ። «ሙሽራም ቢሆን።»

አሁን ራሱ አነሳው። «በሁለት ስም ነው የተከፈተው፤ አንዱ በዐይኑ፣ አንዱ በአልፋው» ስለው «ውይ» አለ። «ውይ ዝኔ፣ መሪጌታ ናቸው።»

«የምን መሪጌታ?»

«አማቴ፣ መሪጌታ ሀብተሥላሴ። ሽማግሌ ልኬ ስሜ ሲጻፍ አይተው ‹ዓለም በአልፋው አ የሚጽፍ ሰው ልጄን አይወስድም› አሉ። በግዕዙ ዓለም የሚጻፈው በዐይኑ ዐ ነው አሉ። ፈራኋቸው። የሠርግ ካርዱንም፣ ኮምፒውተሩንም፣ ሁሉንም አስተካከልኩ። አዲስ አካውንት ከፈትኩ በትክክለኛው ፊደል። የአያ ኪሩ ግን ያኔ ኢንተርኔት ሳይኖር የተቀመጠው በድሮው ነው።»

«ለካ ለአማትህ ብለህ ነው አባቴን የቀበርከው!»

«ረስቼው ነው፣ እግዜር ያውቃል። የማዘዝ ሥልጣን ያለው የድሮው አካውንት ነው፤ በሱ ግቢና ለአዲሱ ፍቀጂለት፣ ወዲያው ይሄዳል።»

«ፓስወርዱን ንገረኝ።»

ክላክሱ ብቻ ይሰማል።

«አለምነህ! ፓስወርዱን!»

«አሁን አልችልም» አለ በሹክሹክታ።

«ምነው?»

«አጠገቤ ናት።»

«ማን ናት አጠገብህ?»

«ቃልኪዳን። ሙሽራዬ። ፓስወርዱ... የድሮ ነው። የሰው ስም ነው።»

የአባቴ ዕድሜ፣ የአክስቴ ትንፋሽ፣ የአያ ኪሩ ኑዛዜ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ሙሽራ የድሮ ፍቅረኛ ስም ተቆልፎ ይቀመጣል? «በጽሑፍ ላክልኝ» አልኩት። «አሁኑኑ። ካልላክህ እንድትሰማ ጮክ ብዬ ሙሽራህን ነው የምጠይቃት።»

መልእክቱ ሲመጣ አቶ ምስጋናውም አንገታቸውን አስግገው አነበቡት። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ስም ነው፤ ብርቄ።

«ሙሽሪት ቃልኪዳን አይደለችም እንዴ?» አሉ።

«ዛሬ አንድ ቀን ምንም አላየንም» አልኳቸው።

በአልፋው አለምነህ ገባሁ። ብርቄ ማንም ትሁን ማን፣ ባለችበት ይመቻት፤ በሩን ከፈተችልን። ከፎልደሯ ዝርዝር ውስጥ በዐይኑ ዐ የተጻፈውን ዓለምነህ ጨመርኩት፣ አጠገቡ ያሉትን ባዶ ሣጥኖች አንድ በአንድ ሞላሁለት፤ ያያል፣ ይከፍታል፣ ይልካል። አጸደቅሁት። ሥራው ይኸው ነበር። ለዚህ ነው ከጥቅምት ጀምሮ የተቀመጥነው። ደስ አላለኝም፤ ይብስ ተናደድኩ። ነገር ከባድ ሆኖ ቢያስለፋኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ወደ አዲሱ ስም ተመልሼ ፎልደሯን ነካኋት። ተከፈተች። ሰማያዊ መስመር ቀስ እያለ መሄድ ጀመረ፤ ቪዲዮው እየወጣ ነው። ደህና መሆኑን ለማየት ብዬ አጫወትኩት።

አያ ኪሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ካሜራውን እንደ ቀማኛ ያዩታል። አባቴ ከወንበሩ ተነሣ።

«ኪሩ ነው የምባል» አሉ። «ጥሩን ታውቃታለህ ወይ ትሉኛላችሁ። ምነው አላውቃት! አጥር ለአጥር ነን። እናቷ ጥሩነሽ አለቻት፣ አገሩ ጥሩ አላት። ከማዶ ሆኖ የሚጣራ ሰው ‹ነሽ› እስኪል ማን ይጠብቀዋል? ሁለት አይዶለችም፣ አንድ ናት። የትናየትን ወለደች፣ ኋላ ባዬን ወለደች። ባዬ በተወለደ ሌት ውኃ የቀዳሁላት እኔ ነኝ። ይኸንን ለማወቅ ነው ሽማግሌ ከማሳው የምትጠሩ? ወንዙ ዳር ያለውን ድንጋይ ብትጠይቁት አይነግራችሁም?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የትናየት ይኸን የምታይ እንደሁ፣ ኪሩ ነኝ በሏት። ደጃችሁ አለ በሏት» አሉ።

ከእኔ የባሰ የተቆጣ ሰው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ወደድኳቸው። አባቴ የሞተውን ሰው «እሺ አያ፣ እሺ አያ» እያለ ይመልስለታል።

መስመሩ ሞላ። ለኢታማር ደውዬ ክፈተው አልኩት። ስልኩን ሳይዘጋ ከፈተው፤ የአያ ኪሩ ድምፅ ከዚያ ማዶ በስልኩ ተመልሶ መጣልን። «ደረሰ!» አለ። «ለጠበቃው ነገርኩት፣ እሱም እያየው ነው። አስገባዋለሁ ብሏል።» አቶ ምስጋናው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። እኔ ጠረጴዛው ላይ በግንባሬ ተደፋሁ።

ከዚያ ኢታማር ድምፁ ተለወጠ። «ዝናሽ፣ ቆይ። ቆይ! እናቴ... እናቴ ተናገረች!»

«ምን አለች?»

«‹ኪሩ መጣ?› አለች። ቪዲዮውን አልጋዋ አጠገብ ነው የከፈትኩት። ‹ኪሩ ነው?› አለች! አጎቴን አቅርቢልኝ!»

ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ያዘው። አክስቴ ስልኩ ላይ በምስል ታየች፤ ነጭ ሻሽ፣ የከሳ ፊት፣ የሚፈልጉ ዓይኖች።

«እቴ፣ እኔ ነኝ። ባዬ ነኝ።»

ረጅም ጊዜ አየችው። «ባዬ» አለች። ድምፅዋ ካልተከፈተ የቆየ በር ነው የሚመስለው። «ባዬ፣ እናታችን ከገበያ ገባች?»

እናታችን! ኮሚቴው ይህን ሁሉ ዘመን ያጣው ቃል ይኸው ነው፤ ፊርማ የለበት፣ ማኅተም የለበት፣ የሁለቱ እናት አንድ ናት ከሚል ወረቀት ሁሉ የሚበልጥ።

ኢታማርም ገብቶታል። «አጎቴ፣ ልቅረጸው!» ብሎ ጮኸ። «እንደገና ጠይቃት! ‹እናታችን› ትበል፣ አንዴ ብቻ ትድገመው፣ ለጠበቃው እልከዋለሁ!»

«አዎ፣ ቅረጽ!» አልኩ እኔም። «አባባ፣ እናታችን የማን እናት ናት በላት! ስሟን ትጥራ!»

«አትቅረጽ» አለ አባቴ።

«አጎቴ፣ ይኸ እኮ ማስረጃ...»

«አልፈቅድም አልኩህ!» ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲመታው የአቶ ምስጋናው ብርጭቆ ወደቀ። ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ድምፅ ከአባቴ ሰምቼ አላውቅም። ሁለት እጄን ወደ አፌ ወሰድኩ። «ለምስክሩ ኪሩ ይበቃል። ይቺ ምስክር አይዶለችም፣ እቴ ናት። የጠየቀችው እኔን ነው። ለማንም አትሰጥም ይቺ። ዝጋው!»

ኢታማር ዘጋው። ወይ ዘግቻለሁ አለ፤ አላውቅም። አባቴ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋ።

«ገብታለች እቴ» አላት። «አሁን ገባች።»

«ሸክላው ተሸጠላት?»

«ሁሉም አልቆላታል።»

«ምን አመጣችልን?»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ማልቀሴ አዝኜ ብቻ አይደለም፤ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ሰው ስንት በር ማንኳኳት እንዳለበት አስቤ፣ ተናድጄ ነው። አባቴ ግን የእኔን ለቅሶ አላየም። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አደረገና፣ እናታቸው ከገበያ ያመጣችውን ነገር አንድ በአንድ ይነግራት ጀመር።